«ነገ ነይ» ያሉት የሰኞ ገበያው ልብስ ሰፊ

«ዛሬስ?»

«ነገ ነይ አሉኝ እማ...»

ይህ ሃያ ሦስተኛው ቀን ነበር።

ለአንዲት የተማሪ ጉርድ ቀሚስ... ሃያ ሦስት ቀን!

ልብስ ሰፊ ቀጠሮ እንደማያከብር እናውቃለን። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው... ልጄ ሳምሪ አልተናደደችም። እንዲያውም ፈገግ ብላለች።

ጊዜው የ1998 ክረምት ነው፣ ደሴ።

ሳምሪ አሥር ዓመቷ ነበር። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በጠዋት ወርጄ ማታ ነው የምመለሰው። አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሳምሪ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት።

አብሬያት ስለማልውል እክሳት ነበር... በብስኩት፣ በለስላሳ፣ በከረሜላ።

ልጄ ወፈረች። ትንሽ ዳገት ስትወጣ ታለከልካለች።

እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር!

ጎረቤቴ ብዙዬ «አንቺ፣ ምን እያበላሻት ነው እንዲህ የተመቻት?» ስትለኝ የምስክር ወረቀት የተሰጠኝ ያህል ነበር የምኮራው።

ታዲያ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያሰፋነው የዩኒፎርም ጉርዷ ለሦስተኛ ጊዜ አልቆለፍ አለ።

መስፋት ያለበትን ቦታ በመርፌ ቁልፍ ምልክት አድርጌ ሰኞ ገበያ ወሰድነው፤ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ። በረንዳ ላይ የሚሰፉ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ሳምሪን ሲለኩ ዝቅ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት። በጆሯቸው መለሰችላቸው።

ሜትሩን ጠቅልለው አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ...

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ አትልፊ። እሷው በእግሯ እየመጣች ትጠይቀኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ሄደች። «ነገ ነይ።»

በሦስተኛው ቀን ሄደች። «ነገ ነይ።»

ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። መጀመሪያ ሰሞን «እግሬን አመመኝ» እያለች ታለቅስብኝ ነበር።

ከዚያ ግን ግራ የሚያጋቡ ነገሮች መጡ...

የምገዛው ብስኩት አላልቅ አለ።

ማታ ራቷን በልታ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት እንቅልፍ ይጥላታል።

ጫማዋ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አያለሁ።

አንድ ቀን ሻይ ደፍቼ ስነጫነጭ «አብሽሪ እማ!» አለችኝ። ከየት ተማረችው?

«ሳምሪ፣ እዚያ ምን ስትሠሪ ነው የምትውይው?»

«ምንም...»

ብዙዬ ደግሞ ነገሩን አባሰችው። «ልጅቷ ከሳችብሽ እኮ! ወይ ዓይን ነው... ወይ ሰውዬው ያሠራታል።»

እንቅልፍ አጣሁ።

ጳጉሜ ሲገባ አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስድብ ስመርጥ ነበር።

በረንዳው ፊት ለፊት ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ። በመካከላቸው ሰንጥቄ አለፍኩና ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩ።

«ጋሽ ዘይኑ! በዚህ ዕድሜዎ ሕፃን ልጅ ሲያመላልሱ አያፍሩም? ውሸታም!»

ገበያተኛው ቆሞ አየን። አንዲት ደንበኛ ልትሰጣቸው የያዘችውን ጨርቅ መልሳ አጥፋ ሄደች።

እሳቸው የጀመሩትን ስፌት ጨረሱ። መኪናውን አቆሙ።

«እኔ አልደረሰም ብያት አላውቅም» አሉ ረጋ ብለው። «ነገ ነይ ነው ያልኳት።»

ከመደርደሪያው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውርደው ሰጡኝ። ፈታሁት...

መርፌ ቁልፌ እንደሰካሁት ነው!

«አልነኩትም እኮ!»

«ወላሂ አልነካሁትም። ይልቅ አልብሻት።»

«የታለችና?»

በአገጫቸው ወደ ኋላዬ አመለከቱኝ።

አንዲት ልጅ በአንድ እግሯ ቆማ ትስቃለች።

ሳምሪ ናት።

ገፍቼ ያለፍኩት የገዛ ልጄን ነው... አላወቅኳትም! ስትዘል፣ ተራ ስትጣላ፣ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅማ።

«እማ ቆይ፣ ተራዬ ነው! ቢልቂስ፣ እንዳታጭበረብሪ!»

ቢልቂስ የጋሽ ዘይኑ የልጅ ልጅ ናት። መሬቱን በልብስ ጠመኔያቸው ያሰመሩላቸው እሳቸው ናቸው... የጫማዋ ነጭ ነገር ይኸው! ባለቤታቸው እትዬ ጣይባ ደግሞ ለልጆቹ ቆሎ ያቀርባሉ።

ጉርዱን ከላይ አጠለቅኩላት። ቁልፉ... ተቆለፈ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ልጅሽ ወፍራለች ብልሽማ በዓይኑ ሊበላብኝ ነው ትይ ነበር!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«ላከሳት ብዬ አይደለም የኔ ልጅ። ያን ቀን ስለካት ጓደኛሽ ማን ነው አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?... ‹ቴሌቪዥን›።»

«አፉ ይበሉኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀስ ብዬ... ሰው እንዳይሰማኝ።

«አፉ ብያለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሳምሪ ጫማዋን ታስራለች።

«ወዴት ነው? ጉርድሽ ደርሷል እኮ!»

«እሱማ ደርሷል... እኔን ግን ነገ ነይ ብለውኛል።»

ሳምሪ ዛሬ ወደ ሠላሳ ዓመቷ ነው። እኔን ግን እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ አንድ ነገር አለ። የሰደብኳቸው በገበያ መሃል፣ ይቅርታ የጠየቅኳቸው በሹክሹክታ ነው። ያቺ ደንበኛም እውነቱን ሳትሰማ ሄዳለች። ስለዚህ ዛሬ ሰው ሁሉ እያነበበ እላለሁ... ጋሽ ዘይኑ፣ አፉ ይበሉኝ።

ወገኖቼ፣ ልጅ ሲወፍር «ተመችቶታል» ለማለት አንቸኩል። ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚስቅ እንይ። እኔ በብስኩት ልሸፍነው የሞከርኩት የራሴን አለመኖር ነበር።

አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ልጃችሁን «ጓደኛህ ማን ነው? ጓደኛሽ ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምን መለሰላችሁ? ሳታሳምሩ እንዳለ ኮሜንት ላይ ትጽፉልኛላችሁ?