የሚቀያየሩት ደሴቶች

ሔራን ጓደኛዋ ባምላክ የሠራውን የስልክ ጨዋታ ጣና ዳር ተቀምጣ ትሞክርለታለች። ታንኳው በሰጠመ ቁጥር ደሴቶቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ተጫዋቹም ከመጀመሪያው ይነሣል።

«ሁልጊዜ አዲስ ስለሆነ አይሰለችም» አለችው ስትሰጥም። «ጉድለቱ ግን፣ የነበረውን አይመልስም።»

ሐይቁ ላይ ካለው ደሴት የገዳሙ ደወል ተሰማ። ባምላክ የቄስ ልጅ ነውና ብድግ ብሎ ወደ ቀኝ ተሳለመ። ቅድም ሲደወል የተሳለመው ወደ ግራ ነበር። ሔራን ቀና ስትል ደሴቱ በስተቀኝ ነው።

«በግራ በኩል አልነበር እንዴ ያየሁት?»

«ኧረ ድሮም እዚያው ነው።»

«እንግዲያው መልሼ አመጣዋለሁ» ብላ በእልህ ጀመረች። ሰጠመች።

ደወሉ ተደገመ። ባምላክ በዚህ ጊዜ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ከተማው ተሳለመ። አስፋልቱ በነበረበት በኩል ውሃ ይንቦጫረቃል።

ሔራን ዞራ አላየችም። «እንደገና» የሚለውን ተጫነች።