ጉድጓድ ቁጥር ሦስት

ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት አንድ ቧንቧ እንደሚከፈት በድምፅ ማጉያ ታወጀ፤ ሕዝቡም የክት ልብሱን ለብሶ በረሃው መሃል ተሰለፈ።

የነዳጅ ጉድጓዱ ጠባቂ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ያልበዋል። ያረጀው ጉድጓድ ሌላ አሥር ዓመት የሚቆይበትን ዘዴ እንዲፈልጉ መንግሥት የላካቸው ተመራማሪዎች ጥናታቸውን የሠሩት እሱ በየቀኑ «ይህን ያህል በርሜል ወጣ» እያለ ከሚጽፈው መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸት ነው። እውነቱን ቢጽፍ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ይደፍኑታላ! ታናሽ ወንድሙ ደምሰው እዚያው ቁፋሮ ላይ ከሞተ ወዲህ ቧንቧውን ከውስጥ የሚያንኳኳ አለ። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ያርፋል፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ደምሰውም አምሽቶ ሲመጣ በር የሚያንኳኳው እንደዚያ ነበር። የገዛ ወንድሙን ማን ያስደፍናል?

የጥናቱን ውጤት ሊመርቁ የመጡት ክቡር እንግዳ ቧንቧውን ከፈቱት። ኩልል ብሎ ፈሰሰ።

«ዶክተር፣ ነጣ አላለም?» አሉ ወደ ተመራማሪዎቹ አለቃ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቀላል ድፍድፍ ነዳጅ ነው፣ ክቡርነትዎ። ውዱ ዓይነት።»

«እኔም ብያለሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ።

ይሄኔ አንዲት ግመል ሰልፉን ገፍታ መጣችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትጠጣ ጀመር።

«ተዉአት በአላህ፣» አለ ባለቤቷ፣ «ከጠጣች ስምንት ቀኗ ነው።»

ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። የግመሏ ጉሮሮ ብቻ ይሰማል።

ጠባቂው ግመሏን አላየም። ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ከተከፈተ ወዲህ የሚያንኳኳ የለም።