የጋሽ ቀስ በሉ አነሳስ

ሽማግሌው ጫኝ ጆንያ ሊያነሳ ዝቅ ሲል የመጋዘኑ ጫኞች ከበቡት። ነጋ ጠባ ጓደኞቹን «ቀስ በሉ» እያለ ስለሚገሥጽ «ጋሽ ቀስ በሉ» ይሉታል። የሥራ ደህንነት ባለሙያዋ ሸክሙ ከሰውነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ልትለካ ሜትሯን ዘርግታ ጠበቀች፤ አነሳሱ ለወገቡ ያሰጋል ካለች ከጭነት ሥራ መነሳቱ ነው። እሱ ግን አልቸኮለም። የዱቄቱን ጆንያ መጀመሪያ ጭኑ ላይ አንከባለለው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ለጥፎ በእግሮቹ ኃይል ተነሣ። በሆዱና በጆንያው መካከል ሜትሩ መግቢያ አጣ።

«ማን አስተማረዎት ጋሼ?»

«ወገቤ ነዋ! አንዴ አኩርፎኝ ወር ሙሉ አስተኝቶኛል። ከዚያ ወዲህ ሳላስፈቅደው ማንኪያም አላነሳ።»

ሁሉም ሳቁ። እሷም እየሳቀች «አያሰጋም» ብላ የግምገማ ቅጹ ላይ ልትጽፍ ስትል እስክሪብቶዋ ወደቀ። ጉልበቷን ሳታጥፍ ከወገቧ እጥፍ ብላ እጇን ሰደደች።

«ኧረ ልጄ! ጉልበትሽን እጠፊ!» ሽማግሌው ጆንያውን እንዳቀፈ ጮኸ።

እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለችና እስክሪብቶዋን አነሳች። ቅጹ ላይ «ሥልጠና የሚያስፈልገው» ከሚለው ፊት ለፊት የራሷን ስም ጻፈች።

«ጋሼ፣ አሠልጣኝ በሚለው ላይ እርስዎን ልጻፍ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ላስቀምጥ» አላት፤ «ደግሞ በደንብ እዪኝ፣ አቀማመጡም ትምህርት ነው።»