የማነጻጸሪያው ቆዳ

ዶክተሩ በሽተኛ አይወድም ነበር፤ ድሃ በሽተኛ ደግሞ ጭራሽ ያንገሸግሸዋል።

«ፀሐይ ፊቴን በላችኝ ትላለች!» አለ፣ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሉትን ጣቶቹን እያፍተለተለ። የዛሬዋ በሽተኛ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት፤ ሁለቱም ጉንጮቿ ደም መስለዋል። «የርካሽ ክሬም ጣጣ ነው። ፀሐይማ ለሁላችንም ነው የምትወጣው።»

ቢሆንም ከጉንጯ ቅንጣት ቆዳ ተቆርጦ ወደ ላብራቶሪ ተላከ። ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሳ በሽታ ተከላካዩ አንቲቦዲ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል፤ ልዩ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ያበራል። የጤነኛ ሰው ቆዳ ግን አያበራም፤ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

«ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ቆዳ ያስፈልገኛል፣ ዶክተር» አለችው የላብራቶሪ ባለሙያዋ ወይንሸት።

«ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ከየት ልታመጪ ነው?» እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሰጣት። የሰው ጽሕፈት ስለማያምን፣ ከክንዱ የተቆረጠው ቆዳ ባረፈበት መስታወት፣ በስላይዱ ላይ የጻፈው ራሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ላብራቶሪው ጨለማ ክፍል ገብቶ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ከቆዳው ሥር ብሩህ አረንጓዴ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል።

ከት ብሎ ሳቀ። «ክሬሙ አይደለም ለካ! የገዛ ሰውነቷ ነው የተጸየፋት። እንግዲህ እኔ ብጸየፋት ምን ይፈረድብኛል?»

ወይንሸት ከኋላው ቀረብ አለች።

«የእሷ ስላይድ ገና እኔ እጅ ላይ ነው፣ ዶክተር።»

ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን ስላይድ አውጥቶ በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋው። ጫፉ ላይ በገዛ እጁ ጽሕፈት «ጤነኛ» ይላል።