ከፍራሹ ስር ያለው ባትሪ

የልጃቸው ባል አብረው በሚኖሩባት ጀልባ ወለል ላይ ተንበርክኮ የአንዱን ባትሪ ክዳኖች ሲከፍት፣ ሴትየዋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ፈተና ጠባቂ ያዩት ነበር። የጀልባዋ መብራትና ፍሪጅ የሚሠራው ተጣምረው በተገናኙ ሁለት ባትሪዎች ነው። ቻርጀሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ቢያድርም፣ የስኳር መርፌያቸው የተቀመጠበት ፍሪጅ ጠዋት ሲነኩት ሞቆ ነበር። ሴትየዋም ለልጃቸው «ይሄ ባልሽ ዛሬ ካላስተካከለው፣ ወይ እሱ ይውረድ ወይ እኔ» ብለዋታል።

«የዚህኛው ውሃ ሙሉ ነው» አለ ሰውየው እንዳጎነበሰ።

«አንተ መቼ ጎደለ ብለህ ታውቃለህ? ራስህንም ሙሉ ሰው ነኝ ትላለህ።»

«እንግዲህ የደረቀው ሁለተኛው ነው፣ እማማ። አንዱ ከደከመ ሌላውንም ይዞት ይወርዳል።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ውሃ መጨመር ያቃተው ወንድ ነው ልጄ መርጣ ያመጣችልኝ?»

ሰውየው የባትሪ ውሃውን ጠርሙስ ይዞ ቆመ፤ ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሳም።

«እሱ ያለው እርስዎ ከተቀመጡበት ፍራሽ ስር ነው» አለ። «እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። የእርስዎን መኝታ እንዴት ብዬ ልገልብጥ?»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ፍራሹን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉለት።

«ይሉኝታህ ሊገድለኝ ነበር» አሉት። «በል ግባ፣ እጄ ሳይዝል።»