ጭንቅሽን ለእኔ

ጊዜው፣ ልጆቼ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ወላጅ ጣቱን መዝገብ ቤቱ ባለው መሣሪያ መስታወት ላይ አሳርፎ የልጁን ጭንቀት የሚረከብበት ጊዜ ነበር። የስንዱ እናት እትዬ ይታይሽም «ልጄ፣ ጭንቅሽን ለእኔ ያድርገው!» ብለው ጣታቸውን አሳረፉና ወደ ዳንግላ ተመለሱ። ላብ ያጠመቀው የስንዱ መዳፍ ወዲያው ደረቀ።

በፈተናው ሳምንት፣ ምሳ ላይ ሳለች፣ ታላቅ እህቷ ፋናዬ ደወለች።

«እማዬ በሩን በቁም ሳጥን ዘግታዋለች። እሳት እንዳይነድ ብላ ምድጃውን ውሃ ደፋችበት፤ ሦስት ቀን በሶ ብቻ ነው የቀመስነው። ነይና ጭንቅሽን መልሰሽ ውሰጂላት!»

«ፈተናዬን ልጨርስና እመጣለሁ።»

«እስከዚያ ብትሞትብንስ፣ አንቺ?»

ስንዱ ልቧ እስኪደነግጥ ጠበቀች። አልደነገጠም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ፋንዬ» አለችና ስልኩን ዘግታ፣ የቀረውን ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።