የልጅ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ

«ሳር ሙይበት!» አሉ አክስት ቬልዳ በስልክ።

«ምን?»

«ቀዳዳው ላይ ነዋ! ከጎኑ ያለውን ሳር ቅጂና ሙይበት። ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ተገዛ?»

ላዶን መነጽሯን አስተካክላ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች...

አባቷ አለ። እናቷ አለች። እሷም ጸጉሯን ሁለት ቦታ ተጎንጉና አለች። ከኋላቸው የአባቷ የተርኪ ዶሮ እርባታ...

መሃል ላይ ግን ቀዳዳ።

የልጅ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ።

ወንድሟ ሩሎን ነው።

እነ ላዶን አሜሪካ ውስጥ የዩታ ግዛት ሰዎች ናቸው። በየሐምሌው ዘመድ አዝማዱ መናፈሻ ውስጥ ሲሰበሰብ፣ በዚያ ዓመት ለሞተው ሰው አንድ ገጽ ይዘጋጃል። የሟች ዕድሜ በሙሉ፣ በፎቶ፣ በአንድ ገጽ። ከዚያ ትልቁ የቤተሰብ አልበም ውስጥ ይገባል...

አንዴ ከገባ ማንም አይነካውም።

ዘንድሮ ተራው የእናቷ ነው። ድሮ በመቀስና በሙጫ ይሠራ የነበረውን፣ ላዶን ኮምፒውተር ላይ እያገጣጠመች ነው።

ግን ሩሎን ያለበት ፎቶ ሁሉ ቀዳዳ ነው...

ልጁ ዕድሜው ሲደርስ ቤተ ክርስቲያናቸው እንደሚያዘው፣ እንደ እኩዮቹ ለሁለት ዓመት ስብከት መውጣት ነበረበት። «አላምንበትም፤ አልሄድም» አለ። አባቱ በሩን አሳየው።

በዚያው ሰሞን እናቱ መቀሷን አነሳች።

ላዶን ለዚህ እናቷን ይቅር ብላት አታውቅም። ወንድሟንም ቢሆን... ከአባቷ ቁጣና ከዚያ ሁሉ ተርኪ ጋር ብቻዋን ጥሏት ነው የሄደው! በእናታቸው ቀብር ዕለት ከኋላ ቆሞ ነበር። ለለቀስተኛ የቀረበውን ድንች ሳይቀምስ ሄደ። አላናገረችውም።

«እና ልሙላው አክስቴ?»

«ሙይው! ለሰው ሁሉ ስታስረጂ ልትውዪ ነው?»

ሞላችው። ሳሩን በሳር፣ አጥሩን በአጥር...

አምሮ ወጣ። ሩሎን የሚባል ልጅ ተወልዶ የማያውቅ እስኪመስል ድረስ አምሮ ወጣ።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ እጇ ቆመ።

ጠርዙን ልታስተካክል አጉልታው ነበር። እናቷ የልጁን ትከሻ አቅፋለች። መቀሱ በእያንዳንዱ ጣቷ ዙሪያ ዞሯል... ንፋስ ያቆመውን የልጁን ፀጉር ሳይቀር ተከትሎ ሄዷል።

ሌሎቹንም አጎላቻቸው። ሁሉም እንደዚያው።

የተናደደ ሰው እንዲህ አይቆርጥም።

«አክስቴ፣ የሩሎን ስልክ ማን ጋ ይገኛል?»

«እኔ ጋ ነዋ።»

«እርስዎ ጋ?! ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ደወለች። ጎረቤት ግዛት ኔቫዳ፣ ወርቅ የሚወጣበት ከተማ ውስጥ ስልኩ ጠራ...

«ላዶን ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። እማዬ ከፎቶው ቆርጣ ያወጣችውን ምስልህን... የት እንዳደረገችው ታውቃለህ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«አንተ ጋ? እንዴት?»

«አባዬ አልበሞቹን ይዞ ምድጃ ፊት ቆሞ ነበር» አለ ሩሎን። «‹እሱ ያለበት አንድ ፎቶ እዚህ ቤት አያድርም› አለ። እማዬ ‹ስጠኝ፣ እኔ አወጣዋለሁ› ብላ ተቀበለችው። ቆርጣ አወጣችኝና በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ፣ እዚህ ድረስ በአውቶቡስ አመጣችልኝ። ‹ተጠንቅቄ ነው የቆረጥኩህ፤ አንድ ቀን ትገጥማለህ› አለችኝ።»

«አባዬ ከሞተ በኋላስ? ለምን ዝም አለች?»

«ዝም አላለችም። ና አለችኝ። ‹ላዶን ከፈለገችኝ እመጣለሁ› አልኳት። ‹እጠይቃታለሁ› አለች...»

ላዶን አስታወሰች።

እናቷ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሩሎን ቢመጣ ምን ትያለሽ?» ብላት ነበር።

«እሱ ከመጣ እኔ አልመጣም» ነበር ያለቻት።

እናቷ ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች። ሁለተኛ አላነሳችውም...

«ሩሎን... ይዘኸው ና።»

«ቆርቆሮውን?»

«አንተም ና እንጂ! ቆርቆሮው መኪና ይነዳል?»

መጣ። ፀጉራቸው የሸበተ ወንድምና እህት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ላዶን የሞላችውን ሳር ሁሉ አጠፋች። የልጁን ምስል በየቦታው ስታስገባ ልክክ አለ።

«እዚህ ላይ ጥርሴ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ፣ በበር መትቼ ያወለቅኩብህ።»

«ወድቄ ነው ብዬ ለአባዬ የዋሸሁልሽ!»

ከስንት ዘመን በኋላ አብረው ሳቁ...

በሐምሌ፣ መናፈሻው ውስጥ፣ አክስት ቬልዳ ገጹን አዩና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

ሌላውን ሰው፣ አልበሙ በተገለጠ ቁጥር፣ ብርሃን በልቶታል። ሩሎን ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር... ቀለሙ እንደ ትናንት ነው።

«ልጁ ብቻ ምነው እንዲህ ደመቀ? አደብዝዢው እንጂ፤ ከእናንተ ጋር ይመሳሰል!»

ላዶን ሳህን ይዞ ድንች ወደሚጠብቀው ወንድሟ ዞር ብላ አየች።

«አይሆንም አክስቴ... የደበዘዝነው እኛ ነን።»

💔 ትምህርቱ፦ በእናት እጅ ያየነው መቀስ ሁሉ የጥላቻ አይደለም። ለዓመታት «እነሱ ናቸው የለያዩን» እያልን የምንምልበትን በር፣ ከውስጥ የቆለፍነው ራሳችን ልንሆን እንችላለን። ጥያቄ ደግሞ ነፃ ነው፤ ሰው ግን ቀብር እስኪደርስ ይቆጥበዋል።

በእናንተ ቤት አልበም ውስጥ ቦታው ባዶ የሆነው ማን ነው? «ይምጣ» ያላለውስ ማን ነው... እነሱ ወይስ እናንተ? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉት 👇